ደሴ ጓሮ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የከረመ የሞተር ጀልባ ገዛሁ፣ ሐይቅ ላይ እንዲሄድ እርዱኝ

ቧንቧ_ውሃ
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ቤተሰብ። ደሴ ነው የምኖረው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጀልባ ከነሞተሩ በ45 ሺህ ብር ገዛሁ። ጀልባው ፋይበር ነው፣ ስለካው 4 ሜትር ከ60 ሆነ። ሞተሩ ያማሃ ነው፣ 15 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚገባበት የድሮው ዓይነት። ባለቤቱ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ላይ ሰው ያመላልሱበት ነበር። ሲታመሙ ልጆቻቸው ደሴ አምጥተው ጓሮ አስቀመጡት፣ እዚያው ቀረ።

ያለበትን ሁኔታ ልንገራችሁ። ጀልባው ሰማይ እያየ ነው የከረመው። የክረምቱ ውሃ እስከ ወገቡ ሞልቶት የባህር ዛፍ ቅጠል በስብሶበታል። ከፊት መቀመጫው ስር ዶሮ ታቅፋ ነበር፣ ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ጠብቅ ተባልኩና ጠበቅኩ። ሞተሩ ግን የማዳበሪያ ከረጢት ለብሶ ግድግዳ ተደግፎ ስለቆመ ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል።

የገዛሁት ለአጎቴ ነው። ሐይቅ ከተማ ነው የሚኖረው፣ ዕድሜውን ሙሉ መረብ እየጣለ ነው ያሳደገን። አሁን ትከሻው እምቢ ብሎታል። ጠዋት ውሃው ዝም ሲል መቅዘፉ አይከብደውም፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ግን ወደ ዳር መመለስ ፈተና ነው። ሁለት ጊዜ መሽቶበት ቤተሰቡ በሙሉ ዳር ቆሞ ጠብቆታል።

ችግሩ ገመዱ ነው። ስስበው ድርቅ ብሏል፣ ንቅንቅ የለም። ነገ ከጎረቤት ልጅ ጋር ለሁለት ሆነን ልንስበው አስበናል። ከዚያ በፊት የሚያውቅ ሰው ካለ ልስማ።


ሀረጎ_ቁልቁለት
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡40

ወንድሜ፣ በአላህ ያንን ገመድ አትንካው! ለሁለት መሳብ የሚባል ነገር የለም።

ኮምቦልቻ ጋራዥ አለኝ፣ የጭነት መኪና ነው ብዙውን የምሠራው፣ የጀልባ ሞተር ግን ባህር ዳር እያለሁ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ብዙ ሞተር ሲሞት ያየሁት በመቀመጡ አይደለም። ሰው ቸኩሎ በሳበው በመጀመሪያው ቀን ነው። ዘጠኝ ዓመት የቆመ ሞተር ውስጥ የፒስቶኑ ፋሻ (ፒስቶኑን የከበበው የብረት ቀለበት) ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ተያይዟል። በጉልበት ስትስበው ፋሻው ይሰበርና ስባሪው ሲሊንደሩን ይፍቀዋል። ያን ጊዜ 45 ሺህ ብርህ እዚያው አለቀ።

በቅድሚያ ማርሹ ፎሌ (ዜሮ፣ ማርሽ ያልገባበት) ላይ መሆኑን እይ። ያማሃ ማርሽ ውስጥ ካለ ገመዱን ራሱ ይቆልፈዋል፣ እንዳይነሳ ተብሎ የተሠራ ነው። ምናልባት ችግርህ ይኸው ብቻ ሊሆን ይችላል። ፎሌ አድርገኸው ካልተንቀሳቀሰ ሁለቱንም ካንዴላ (ቤንዚኑን የምታቀጣጥለዋን) ፍታ። በቀዳዳው ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና ናፍጣ እኩል በእኩል ደባልቀህ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ አፍስስ። ከዚያ ተወው። ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን። በየምሽቱ ከላይ ያለውን ትልቁን የሚሽከረከር ብረት (ፍላይዊል) ዳዶው ላይ ቁልፍ አስገብተህ ቀስ አድርገህ ሞክረው። ወደ ቀኝ ብቻ! ወደ ግራ ካዞርከው ታች ያለው የውሃ ፓምፕ ጎማ ክንፎቹ ተገልብጠው ይሰበራሉ።

እምቢ ካለህ ጨምርለትና አሳድረው። እልህ አያስፈልግም።


አራዳ_ልጅ
ሰኞ፣ ጠዋት 3፡05

እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ያንን አሮጌ ሞተር ለብረት ሽጠው። የመስኖ ውሃ መሳቢያ ሞተር ግዛና ረጅም ዘንግ አስበይደህ ጫፉ ላይ ፕሮፔለር ግጠምበት። ዕቃው በየሱቁ አለ፣ የትኛውም መካኒክ ይፈታዋል። ያማሃው አንድ ጎማ ሲበላሽ ዕቃ ፍለጋ አዲስ አበባ ነው የምትሄደው።


ሀረጎ_ቁልቁለት
ሰኞ፣ ጠዋት 4፡20

አራዳ፣ ሐሳብህ ክፉ አይደለም፣ እንዲያ አድርገው የሚሠሩ አሉ። ግን ያ ረጅም ዘንግ ያለ ከለላ ከኋላ ይሽከረከራል። እሳቸው መረብ ነው የሚጥሉት፣ መረብና ክፍት ዘንግ ደግሞ አይስማሙም። ልብስም ይይዛል። ያማሃው 36 ኪሎ ነው፣ አንድ ሰው ተሸክሞት ቤት ያስገባዋል፣ ፎሌም ወደ ኋላም አለው። መጀመሪያ ይሙት ወይ ይዳን ይታወቅ።


ሐይቅ_ዳር
ሰኞ፣ ከሰዓት 8፡30

ስለ ሞተሩ የተባለው ሸጋ ነው። እኔ የምለው ስለ ጀልባው ነው፣ ሁሉም ሰው ሞተር ሞተር ሲል ይረሳዋል።

እኔ እዚሁ ሐይቅ ዳር ነው የኖርኩት፣ ጀልባም እነዳለሁ። ዝናብ ውስጥ የከረመ ፋይበር ጀልባ የሚበሰብሰው ከኋላው ነው፣ ሞተሩ የሚታሰርበት ግድግዳ። ከውጭም ከውስጥም ፋይበር ነው፣ መሀሉ ግን እንጨት ነው። በድሮዎቹ የብሎን ቀዳዳዎች ውሃ ይገባና እንጨቱ ሳይታይ ይበሰብሳል። ከላይ ቀለሙ ያምራል። 36 ኪሎ ሞተር ሰቅለህ ጋዝ ስትሰጠው ግን ሞተሩ ግድግዳውን ገንጥሎ ይዞት ይሄዳል። ይህ ሐይቅ ደግሞ ከዳር ትንሽ ፈቀቅ እንዳልክ ነው የሚጠልቀው፣ ጥልቅ ቦታው ከ80 ሜትር ያልፋል። የወደቀ ሞተር አይወጣም፣ ኋላው የተከፈተ ጀልባም አይቆይም።

የመዶሻ እጀታ ያዝና ያንን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኳ ኳ አድርገው። ጤነኛ ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሃል። ከበሰበሰ ድፍን ያለ፣ እርጥብ ካርቶን የመታህ ዓይነት ድምፅ ነው። ካልተማመንክ ከውስጥ በኩል በትንሽ መሰርሰሪያ ቀዳው፣ የሚወጣውን ብናኝ እየው። ነጭና ደረቅ ከሆነ እሰየው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ አጎትህን እንዳታሳፍርበት፣ አደራ።


ቧንቧ_ውሃ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡50

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የአራት ቀን ወሬ ይዤ መጥቻለሁ።

ማርሹ ፎሌ ላይ ነበር፣ ስለዚህ የተጣበቀው ሞተሩ ነው። ካንዴላዎቹን ስፈታ አንዱ በቀላሉ ወጣ፣ ሁለተኛው ግን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ዘይት እያንጠባጠብኩ፣ ትንሽ ላላ ሲል መልሼ እያጠበቅኩ፣ እንደገና እያላላሁ። ጥርሱ ሳይበላ ወጣ። የተባልኩትን ድብልቅ አፈሰስኩና ተውኩት። ማክሰኞ ማታ ሞከርኩ፣ ምንም። ረቡዕ ማታ ሞከርኩ፣ ምንም። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ቁልፉን አስገብቼ ጫን ስለው አንዲት ጣት ያህል ሄደ። ቆምኩ። መልሼ ጨመርኩለት። ማታ ስመለስ ሙሉ ዙር ዞረ! በካንዴላ ቀዳዳው ቡናማ ዝገት የቀላቀለ ዘይት ትፍ አለ። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት።

ግድግዳው ግን ሐይቅ_ዳር እንዳለው ነው። በስተግራ በኩል ሙሉ በሙሉ ድፍን ድምፅ ነው ያለው። ስበሳው የወጣው ብናኝ ጥቁር ነው፣ ጣቴ ላይ ስጨምቀው ውሃ ወጣው። የሸተተኝ እንደ ረጠበ የጎተራ እህል ነው። ቅር ብሎኛል፣ ግን ውሃው ላይ ከማወቅ እዚህ ማወቁ ይሻላል።


ሀረጎ_ቁልቁለት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

ማሻ አላህ! አየህ፣ ትዕግሥትህ ነው የከፈተው።

አሁንም እንዳታስነሳው። ከዚህ በኋላ ሦስት ሥራ አለህ። ካርቡራተሩን አውጥተህ ፈታው፣ ዘጠኝ ዓመት የቆመ ቤንዚን ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። ቀጭን ቀዳዳዎቹን በአየር ንፋ፣ ሽቦ አታስገባ፣ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። የቤንዚን ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይር፣ ስታጥፋቸው የሚሰነጠቁ ከሆነ አየር ይስባሉ። ሦስተኛውና ዋናው የውሃ ፓምፑ ጎማ ነው፣ ኢምፔለር የሚሉት። ደህና ቢመስልህም ቀይረው። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው። ያ ጎማ ካልሠራ በደቂቃዎች ውስጥ ፒስቶኑ ይነክሳል፣ የለፋህበት ሁሉ ከንቱ ነው። ገንዘብ ካጠረህ ቀለሙን ተው፣ መቀመጫውን ተው፣ ይህን ግን እንዳትተው።


ሰኞ_ገበያ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡10

ኢምፔለሩ የት ይገኛል? ደሴ ላይ ይኖራል ብዬ አላስብም።


ጣና_ዳር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡45

ከባህር ዳር ነኝ። ለያማሃ 15 እዚህ አይጠፋም፣ ብዙ ጀልባ የሚነዳበት ሞተር ነው። አሮጌውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ የክንፉን ብዛትና የመሀሉን ቀዳዳ ስፋት ለካና ንገረኝ። በአውቶቡስ እልክልሃለሁ። ካንዴላውንም አብሬ ልላክልህ፣ ኤንጂኬ ቢ7ኤችኤስ-10 ነው የሚገባለት፣ ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር።


ወሎ_ባዮሎጂ
ዓርብ፣ ጠዋት 4፡00

ደስ የሚል ውይይት ነው፣ ግን አንድ ነገር ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው። ትምህርቴ ስለ ውሃ ነው፣ ሐይቅንም ለናሙና ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ።

እንዲህ ዓይነት የድሮ ሞተር የሚገባለትን ቤንዚን ሁሉ አያቃጥልም። እስከ ሩብ የሚደርሰው ከነዘይቱ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ወደ ውሃው ይሄዳል። ይህ ሐይቅ ደግሞ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ከጎረቤቱ ከአርድቦ ሐይቅ በኩል ይገባል፣ ከዚያ ብዙውን የሚወስደው ፀሐይ ነው። የገባበት ነገር ቶሎ አይወጣም። ቆሮሶውም አምባዛውም የሚኖረው እዚያው ነው፣ ከብቱም የሚጠጣው እዚያው ነው። አጎትህ የሚበላበትን ገበታ ነው የምናወራው። አራት ምት ሞተር ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ለብቻው ስለሆነ ይህ ችግር በጣም ይቀንስ ነበር። አትሥራው ለማለት አይደለም፣ ግን አስቡበት።


ቧንቧ_ውሃ
ዓርብ፣ ከሰዓት 7፡30

እህቴ፣ ስላነሳሽው አመሰግናለሁ። አላሰብኩበትም ነበር። አዲስ አራት ምት መግዛት አቅሜ አይፈቅድም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ይህንኑ ይዤ ጉዳቱን ለመቀነስ ምን ላድርግ?


ሀረጎ_ቁልቁለት
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡15

እህታችን ያለችው ልክ ነው፣ እኔም ደግፌያታለሁ። ማድረግ የሚቻለው ይህ ነው። ዘይቱን አታብዛ። ብዙ ሰው ሞተሩ እንዳይጎዳ ብሎ እያፈሰሰ ነው ውሃውን የሚያበላሸው። ሞተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ፣ 50 ለ 1 የሚል ከሆነ ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ዘይት ነው። ለመጀመሪያው አንድ ታንክ ብቻ እጥፍ አድርገው፣ ደርቆ የከረመ ስለሆነ። ከዚያ በልክ። የሞተር ሳይክል ዘይት አትጨምርበት። በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተሠራ ነው፣ ውስጡ ያለው ቅመም እዚህ ካንዴላ ላይ አመድ ይጥላል። ቆርቆሮው ላይ ቲሲ-ደብሊው3 የሚል ፈልግ፣ ለጀልባ የተሠራው እሱ ነው። ቤንዚኑን ዳር ላይ ወይም ጀልባው ውስጥ ሆነህ አትቅዳ፣ ቤት ደባልቀህ ዘግተህ ውሰድ። አጎትህም ሲሄዱ በቀዘፋ፣ ሲመለሱ ነፋስ ከተነሳ በሞተር ቢያደርጉት ጥሩ ነው።


ወሎ_ባዮሎጂ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡40

በቀዘፋ ሄዶ በሞተር መመለሱን ወድጄዋለሁ። ተስማምተናል።


ቧንቧ_ውሃ
ከ15 ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡20

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ብዙ ነገር ሆኗል።

ከኢምፔለሩ ልጀምር። የታችኛውን ክፍል የያዙትን ብሎኖች ፈትቼ ሳወርደው የፓምፑ ቤት ውስጥ ያለው ጎማ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ክንፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተጣመው ቀርተዋል። ስቆጥራቸው አምስት ናቸው፣ ስድስት መሆን ነበረባቸው። ስድስተኛዋ የለችም። ሀረጎ_ቁልቁለት በስልክ «ሳታገኛት እንዳትገጥም» አለኝ። ወደ ላይ የሚሄደውን የመዳብ ቧንቧ በአየር ብነፋው አልወጣችም። በመጨረሻ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ከፈትን፣ ውሃው የሚዞርበት ጠባብ መተላለፊያ ላይ ከጭቃ ጋር ተጣብቃ አገኘናት። የጥፍሬን ያህል የምታህል ጥቁር ጎማ። እሷ እዚያ ብትቀር አዲሱ ፓምፕ ቢሠራ እንኳ የላይኛው ሲሊንደር ውሃ አያገኝም ነበር። በፌስታል አድርጌ አስቀምጫታለሁ።

አዲሱ ከባህር ዳር በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ጣና_ዳር፣ ምን እንደምልህ አላውቅም፣ የኪራዩን እንኳ አልተቀበልከኝም። ስገጥም ግራሶ ቀባሁት፣ ዘንጉን ወደ ቀኝ እያዞርኩ ቤቱን ወደ ታች ጫንኩት፣ ክንፎቹ ወደ ትክክለኛው ጎን ታጠፉ። ዘንጉ ላይ ያለችው ትንሽ ቁልፍ ብረት መውደቅ ትወዳለችና የምትሠሩ ሰዎች ከሥር ጨርቅ አንጥፉ።

የማርሹን ኦሊዮ ሳፈስሰው ሻይ በወተት መሰለ። ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። የፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ያለችውን የዘይት ማገጃ ጎማ ልኬቷን ይዘን ኮምቦልቻ የኩሽኔታ መሸጫ አገኘናት። አዲሱን ኦሊዮ ከታችኛው ቀዳዳ ሞላነው፣ ከላይኛው እስኪወጣ ድረስ። ከላይ ከሞላኸው አየር ውስጡ ይቀራል።

የጀልባው ግድግዳ ከሁሉ በላይ አደከመኝ። ከውስጥ በኩል ፋይበሩን ቆርጬ የበሰበሰውን እንጨት በማንኪያ ነው ያወጣሁት፣ በእውነት በማንኪያ። ሁለት ባለ 18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ አጣብቄ ልክ 36 ሚሊ አደረግኩት። ከዚያ ሬዚኑን (ፋይበሩን የሚያጣብቀውን ፈሳሽ) ደሴ ላይ ቀባሁ። አልደረቀም። በማግሥቱም ጣት ላይ ይጣበቃል። ኅዳር ነው፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ጓሮው ፀሐይ የሚያገኘው ለሦስት ሰዓት ብቻ ነው። ያልደረቀውን በሙሉ ፈቅፍቄ አነሳሁት። ሁለት ቀንና አራት ኪሎ ሬዚን ሄደ፣ በጣም አዘንኩ።


ቦርከና
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 11፡00

የፋይበር ሥራ ነው የምሠራው፣ ኮምቦልቻ። ሬዚን ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ይተኛል። ሰው ያን ጊዜ ሃርድነር (ማድረቂያውን) ይጨምራል፣ ሲበዛበት ደግሞ ይሰነጠቃል። ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ነው ልኩ፣ ብርዱን በሃርድነር አታሸንፈውም። ሃርድነሩ ዓይን ውስጥ ከገባ ያጠፋል፣ መነጽር አድርጉ። ወደ እኛ ይዘኸው ውረድ፣ እዚህ ቀኑን ሙሉ ሞቃት ነው። ቦታ እሰጥሃለሁ።


ቧንቧ_ውሃ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

አይሱዙ ላይ ጭነን ሀረጎን ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ጀልባ በቁልቁለቱ ሲወርድ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል፣ ልጆች «ወዴት ነው?» ይላሉ። ሰኞ ረፋድ ቀባን፣ ከሰዓት ድንጋይ ሆነ። ያው ሬዚን፣ ያው ሰው፣ ከተማው ብቻ ነው የተለየው። ቦርከና፣ ቤትህ ይሙቅ። አሁን በመዶሻ እጀታው ስመታው ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ ድምፅ ነው የሚሰጠኝ።

ትናንት ጋራዥ ውስጥ ሞተሩን በርሜል ላይ ሰቀልነው። ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ሰፊ ክንፍ እስኪሸፍን ሞላነው። በደረቁ ለሰከንዶች እንኳ አይነሳም፣ አዲሱ ጎማ ይቃጠላል። ከዚያ በፊት የሲሊንደሮቹን ግፊት ለካን፣ አንዱ ሲሊንደር 88 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)፣ ሌላው 84። እኔ አነስተኛ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሀረጎ_ቁልቁለት ግን አብሽር አለኝ። ዋናው ነገር የሁለቱ ልዩነት ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ነው፣ ቁጥሩ ራሱ በኛ ከፍታ ላይ ማነሱ አይቀርም።

በስድስተኛው ስበት ተነሳ። መጀመሪያ ነጭ ጭስ፣ ያ ያፈሰስነው ናፍጣ ነው። ከዚያ ረጋ አለ። ከኋላ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ቀጥ ብሎ ይፈሳል፣ እጄን ከሥሩ ስይዝ ለብ ያለ ነው። ያችን የውሃ መስመር ለማየት ነው ሦስት ሳምንት የለፋሁት።

አንድ ችግር ቀርቷል። ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጠው) ጥሩ ነው፣ ጋዝ ስሰጠው ግን ያጉረመርማል፣ ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ይወጣል።


ሀረጎ_ቁልቁለት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡35

ይህ ከፍታው ነው። ሞተሩ የተስተካከለው ለባህር ጠለል ከፍታ ነው። ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፣ አየሩ ከባህር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 80 በመቶ ገደማ ነው። ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም፣ ያንኑ ቤንዚን ይሰጠዋል። ስለዚህ ቤንዚን ይበዛበታል። ሁለተኛ ነገር፣ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል፣ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል። 15 ብለህ የገዛኸው ሐይቅ ላይ 12 ነው። ሞተሩ ታሞ አይደለም።

ዋናውን ጂግለር (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የምትመጥነውን ቀዳዳ) በአንድ ቁጥር ያነሰ እናስገባለት። ደረጃ በደረጃ ነው፣ በጣም ካሳነስከው ቤንዚን ያጥረውና ይግላል፣ ይህ ደግሞ ከጥቁር ካንዴላ የባሰ ነው። ካንዴላው የቡና ገለፈት ሲመስል ቁም። የእህታችንም ጥያቄ በዚህ ይቀላል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ይቀንሳል።


ጣና_ዳር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡20

ፕሮፔለሩንም ተመልከቱ። ጉልበቱ ሲቀንስ ያው ፕሮፔለር ይከብደዋል። ፒቹ (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄድበት ርቀት) በ1 ኢንች ሲያንስ ሞተሩ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል። ከብስክሌት ማርሽ ጋር ነው የሚመሳሰለው፣ ዳገት ላይ ቀላሉን ታስገባለህ።


ሐይቅ_ዳር
ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡50

ከመምጣትህ በፊት ጥቂት ነገር። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ና፣ ውሃው ዝም ያለበት ሰዓት ነው። መቅዘፊያ ያዝ፣ ሞተር አለኝ ብለህ እንዳትተወው። የሕይወት ጃኬት ለሁለታችሁም። ሞተሩን የምታጠፋዋን ቀይ ገመድ የሚነዳው ሰው እጁ ላይ ይሰር፣ ቢወድቅ ሞተሩ ይጠፋል። ዳር ዳሩን መረብ አለ፣ ተንሳፋፊዎቹን እያየህ ዙር። በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ስታልፍ ጋዙን ቀንስ፣ አባቶች ጸሎት ላይ ናቸው።

ቤንዚኑን እንዴት አደረግኸው? ማደያ በጄሪካን አይቀዳም።


ቧንቧ_ውሃ
ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡15

ለዓሣ ማስገሪያ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አጎቴ አጽፏል። ሦስት ቀን ተመላልሶበታል፣ ግን ተሳካ። 10 ሊትር።


ቧንቧ_ውሃ
እሁድ፣ ከሰዓት 9፡40

ሄደ!

ልንገራችሁ በሰፊው። ትናንት ማታ ጀልባውን ሐይቅ ዳር አሳደርነው፣ ዛሬ ጠዋት አስገባነው። አጎቴ መጀመሪያ ውስጡ ሲገባ ዝም ብሎ አዲሱን የኋላ ግድግዳ በእጁ ዳሰሰው፣ ሁለት ጊዜ ተደግፎ ገፋው። አልተናገረም። ሐይቅ_ዳርም መጥቶ ነበር፣ እሱም ገፋው። በሦስተኛው ስበት ተነሳ።

ጂግለሩ ከተቀየረ ወዲህ ማጉረምረሙ ጠፍቷል። ሁለት ሰው ይዞ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ይሄዳል፣ ሙሉ ጋዝ ላይ ግን ትንሽ እንደሚከብደው ይሰማኛል፣ ጣና_ዳር ያልከው ነገር ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄድን ከኋላ የምትወጣዋ ውሃ ቀጠነች፣ ከዚያ ተቋረጠች። ወዲያው አጠፋሁት። አጎቴ «ምን ሆነ?» ሲል ሞተሩን ወደ ላይ አነሳነው። ፌስታል ነው። ውሃ መግቢያው ላይ ተለጥፎ። በእጄ ላጥኩት፣ ትንሽ አቀዝቅዘነው አስነሳነው፣ ውሃዋ ተመለሰች። ያችን ውሃ ዓይኔን ሳልነቅል ባላያት ኖሮ ዛሬ የምጽፍላችሁ ሌላ ነገር ነበር። አጎቴንም ያስተማርኩት መጀመሪያ እሱን ነው፣ ጋዝ አሰጣጡን ሳይሆን። በየመቶ ሜትሩ ዞር ብሎ ያያል አሁን።

ሲመለስ እሱ ነዳ። ነፋሱ ከሰባት ሰዓት በኋላ ተነሳ እንደ ልማዱ፣ ማዕበሉም ነበር፣ እሱ ግን በግራ እጁ ብቻ መሪውን ይዞ የታመመውን ትከሻ አሳርፎ መጣ። አክስቴ ዳር ቆማ ነበር፣ ከለመደችው ሰዓት ቀድመን ስንደርስ ምን አጋጠማችሁ ብላ ጠየቀች።

ያገኘነው 14 ቆሮሶ ነው። ማታ ጥብስ እናደርገዋለን።


ወሎ_ባዮሎጂ
እሁድ፣ ከሰዓት 10፡05

በጣም ደስ ብሎኛል። ውሃው ላይ የዘይት ቀለም አየህ?


ቧንቧ_ውሃ
እሁድ፣ ከሰዓት 10፡20

ስናስነሳው ትንሽ አየሁ፣ ዳር ላይ። የመጀመሪያው ታንክ እጥፍ ዘይት ስላለው ይመስለኛል። የሚቀጥለውን በልክ አድርጌ አይና እነግርሻለሁ። ከጠዋቱ ሙከራ በኋላ አጎቴ መሄጃውን በቀዘፋ ነው የሄደው፣ በቃሉ።


ጣና_ዳር
እሁድ፣ ከሰዓት 11፡00

እንኳን ደስ አላችሁ። አንድ ያገለገለ ፕሮፔለር አለኝ፣ ፒቹ ካንተው በአንድ ኢንች ያነሰ፣ አንዱ ክንፉ ጫፍ ላይ ትንሽ ተጎድቷል እንጂ ደህና ነው። ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ያስተካክሉልሃል። ማክሰኞ በሚወጣው አውቶቡስ ልላከው?


ቧንቧ_ውሃ
እሁድ፣ ከሰዓት 11፡10

ላከው ወንድሜ። የዚህን ግን ዋጋውን ትነግረኛለህ፣ ካልነገርከኝ አልቀበልም። ማክሰኞ መናኸሪያ እጠብቀዋለሁ።